ክብሪት ይዤ የጠበቅሁት ዋናተኛ

ባለፈው መስከረም የልጅ ልጄን ባሕር ዳር ወደሚገኝ አንድ ሆቴል መዋኛ ይዤ ሄድሁና ራሴን አዋረድሁ።

ልጅቱ ከእኩዮቿ ጋር ጥልቀት በሌለው በኩል ትንቦጫረቃለች። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጫማዬን አውልቄያለሁ። ፀሐይ የመታው እርጥብ ድንጋይ ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው ልቤ ያለ ምክንያት ይመታ ጀመር። ወዲያው አንድ ጎረምሳ ከማዶ ተወርውሮ ገባና ሁለት እጁን ባንድ ላይ ወደ ላይ እያነሣ፣ አንገቱን ብቅ ጥልቅ እያደረገ ውሃውን መደብደብ ያዘ። ከወንበሬ መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም።

«ኧረ የሰው ያለህ! ውሃ በላው! ድረሱለት!»

አስተናጋጁ ትሪውን ለቀቀው። ሁለት ሰዎች ከነልብሳቸው ዘለው ገቡ። ጎረምሳው መሀል ላይ ቆሞ፣ ውሃው ደረቱ ላይ ነው፣ «ማነው የተበላው?» እያለ ዙሪያውን ያያል። የልጅ ልጄ አፍራብኝ ጆሮዬ ሥር መጣች። «አያቴ፣ ቢራቢሮ እኮ ነው። የዋና ዓይነት ነው።»

«አውቃለሁ» አልኋት። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሳውቀው ኖሬያለሁ፤ ሰውነቴ ግን እስከ ዛሬ አላመነም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አገራችን ሰቆጣ፣ ዘመኑ የንጉሡ፣ ድርቁ ገና ያልመጣበት። አባቴ የጨው ነጋዴ ስለነበር ከገበያ ገበያ ሲዞር ዓመቱ ያልቃል፤ እናቴ ደግሞ ከግቢያችን ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዱን ለመንግሥት ሠራተኛ ታከራያለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያስተምሩ ይላኩ ነበርና፣ በዚያ ዓመት የደረሰን ጋሼ ይኄይስ ነበር። ዕድሜው ከሃያ ሦስት የሚያልፍ አይመስለኝም። ዛሬ ሳስበው ልጅ ነው፤ ያኔ ግን ከእርስዎ በቀር በሌላ ጠርቼው አላውቅም።

ጋሼ ይኄይስ የጣና ዳር ሰው ነው። ከኮረም በበቅሎ ሲመጣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ጥቅል መጽሐፍና አንድ አግዳሚ ወንበር የሚሠራለት አናጢ የት እንደሚገኝ የሚጠይቅ አፍ ይዞ መጣ። አግዳሚውን ራሱ ለክቶ አሠራው፤ ጠባብ፣ ረጅም፣ ለመቀመጫ የማይመች። በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ ልብሱን ልታጥብለት ስትለይ ከመሀል አንዲት የጨርቅ ቁራጭ አወጣች። ብርሃን ላይ ይዛ አገላበጠቻት።

«መምህር፣ ይቺ ምንድር ናት? ያለቀች ናት ወይስ ያልተጀመረች?»

«የዋና ልብስ ናት፣ እትዬ ዝማም» አለና ሳቀ።

«ዋና? እዚህ? ታዲያ ምኑ ውስጥ ሊዋኙ ነው?»

መልሱ ከደረት ኪሱ የማትለይ አንዲት ደብዳቤ ውስጥ ነበር። ጋሼ ይኄይስ ዋናተኛ ነው። በአንድ ውድድር ውስጥ አራት ዓይነት ዋና እያቀያየሩ የሚዋኙት አለ፤ እሱ በዚያ በዩኒቨርሲቲው የሚቀድመው አልነበረም። ከገና በኋላ ባለው እሑድ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ውድድር ይደረጋል፤ አንደኛ የወጣ ባሕር ማዶ ሄዶ ለአገሩ ይወዳደራል። ደብዳቤዋን ለእናቴ አነበበላት። እናቴ «እግዜር ያሳካልዎ» አለች፤ ወጥ ቤት ገብታ ደግሞ ለእኔ «ውሃ ውስጥ በመሮጥ ሹመት አለ እንዴ?» አለችኝ።

እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር። ዋና ምን እንደሚመስል አላውቅም። እኛ አገር ውሃ ይቀዳል፣ ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ በክረምት ሰውና ከብት ይወስዳል። ሰው ወዶ በሆዱ የሚተኛበት መሆኑን ማን ነግሮኝ?

አንድ ማታ፣ መብራት ሲበራ፣ እራት ላቀብለው ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሼ ይኄይስ አግዳሚው ላይ በሆዱ ተኝቶ ሁለት እጁን ከኋላ ወደ ፊት እየወረወረ፣ እግሩን ባንድ ላይ እያርገፈገፈ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ አየር ይጎርሳል። ዓይኑ ፈጦ መሬቱን ያያል። ከዚያ ድንገት ተገለበጠና በጀርባው ሆኖ ኮርኒሱን እያየ አንድ አንድ እጁን ይዘረጋ ጀመር። ሳህኑን ደጃፉ ላይ ጥዬ በረርሁ።

«እማዬ! መምህሩ ይንቀጠቀጣል! እጁን ይወረውራል! አፉን ይከፍታል!»

እናቴ አፌን በእጇ ከደነችው። ቆይታ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «የሚጥለው ነው» አለችኝ። «ውይ፣ ያን የመሰለ ልጅ! ስሚኝ፣ ለማንም አትናገሪ። የሰው ገመና ነው። አገር ከሰማ ማን ልጁን ይድርለታል?»

በእኛ ዘንድ የሚጥል በሽታ የያዘውን ሰው ክብሪት ጭረው ያሸቱታል፤ ጭሱ ነፍሱን ይመልስለታል ይባላል። እናቴ ከመደርደሪያው ግማሽ የደረሰ የክብሪት ቀፎ አውርዳ በመቀነቴ ጫፍ ቋጠረችልኝ። «አንቺ ከእሱ ጋር ትምህርት ቤት ትውያለሽ። ሲጥለው ካየሽ ጭረሽ አሽቺው። ዘጠኝ ክብሪት አለው፣ እንዳትጫወቺበት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመምህሩ ጠባቂ ሆንሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ እጁን ከፍ ባደረገ ቁጥር እጄ መቀነቴ ላይ ነው። ሲያስነጥስ ከወንበሬ እነሣለሁ። አንድ ቀን ሲያዛጋ አየሁትና ክብሪቱን ጭሬ አፍንጫው ሥር ደረስሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱ «ምነው አበራሽ፣ ልታቃጥይኝ ነው?» አለኝ። ገመናውን ማውጣት ስለማልችል አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ። ስምንት ክብሪት ቀረኝ።

የጥቅምት መጨረሻ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ትምህርት የለም፤ የሰንበት ልብስ የሚታጠበውም ያን ጊዜ ነው። ከሰፈር ሴቶች ጋር ወደ ጸላሪ ወንዝ ወረድን። ክረምቱ የተወው ውሃ ገና አልጎደለም። እንዶዱን ወቅጠን፣ አጥበን፣ ሴቶቹ ከላይ በኩል ልብሱን አስጥተው ወሬ ሲይዙ፣ እኔ አንድ ነጠላ ላለቅልቅ ብዬ ታች ወንዙ ከሚሰፋበት ቦታ ወረድሁ። እዚያ ውሃው ጥቁር ነው፤ ቁልቁሉ ደግሞ ገደል ለገደል ይገባል። ትልቅ ሰው እንኳ አይደፍረውም።

ጋሼ ይኄይስ ከወዲያኛው ወገን መጣ። ልብሱን ማውለቅ ሲጀምር አፈርሁና ድንጋይ ኋላ ተደበቅሁ። ሱሪውን፣ ሸሚዙን በሥርዓት አጥፎ ከጫማው ላይ አኖረ፤ የሩጫ ሰዓቱን ከላይ አስቀመጠ። ከዚያ ተወርውሮ ገባ። ሲጠፋብኝ ትንፋሼን ያዝሁ።

ብቅ ሲል ሁለት እጁን ወርውሮ ነው። አፉን ከፍቶ። ገባ። ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ እጁን ወረወረ፣ ደግሞ ሰመጠ። ያ በአግዳሚው ላይ ያየሁት በሽታ! ውሃ መሀል ጣለው! መቀነቴን በጥርሴ ፈትቼ ክብሪቱን አወጣሁ፤ ልብስ ሳጥብ ርሶ ኖሮ የመጀመሪያው ተሰበረ፣ ሁለተኛው ተላጠ። ከድንጋዩ ወጥቼ ዳሩ ላይ ሆኜ እጭራለሁ፣ እጭራለሁ። አንዱ በራልኝና ወደ ውሃው ዘርግቼ ያዝሁት። ምን ያህል ይደርሳል ብዬ እንደሆነ እንጃ! ጣቴን አቃጠለኝ።

ቀና ስል በጀርባው ሆኗል። ፊቱ ወደ ሰማይ፣ ዓይኑ አይንቀሳቀስም፤ ውሃው እየወሰደው ነው። አለቀ፣ ሞተ አልሁ። የጸላሪ መጠምዘዣ ላይ ደረሰና ገደሉ ዋጠው።

ያን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ሴቶቹ ጩኸቴን ተቀበሉኝ፣ እረኞች ከሴቶቹ ተቀበሉ፣ ጩኸቱ ከእኔ ቀድሞ ሰቆጣ ገባ። ወንዶች ችቦ ይዘው ወረዱ። ያገኙት የታጠፈውን ልብስ፣ ጫማውንና እየቆጠረ ያለውን ሰዓት ነው። እኔም ያን ሌሊት ገመናውን አወጣሁት። «የሚጥል በሽታ ነበረበት፣ ክብሪቱ ረጥቦብኝ ነው» አልሁ።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደንጋጣ ሰው ነበር። የመንግሥት አደራ በእጁ ሞተበት፤ ቅዳሜ ሳይነጋ ኮረም ድረስ በበቅሎ መልእክተኛ ላከ፣ ከዚያ በስልክ ለባሕር ዳር እንዲነገር፣ ዘመዶቹ ለእናቱ መርዶ እንዲያረዱ።

እሑድ የሣልስቱ ለቅሶ በእኛ ግቢ ተቀመጠ። ሬሳ ስላልተገኘ የጋሼ ይኄይስ ሱሪና ሸሚዝ በዘንግ ላይ ተሰቅሎ ድንኳኑ መሀል ቆመ። አልቃሿ እትዬ ብርነሽ ነጠላዋን አሸርጣ፣ ሱሪውን እያየች አወረደችው፦

«ሐይቅ ዳር ተወልዶ ሐይቅ ያልደፈረው፣
እኛ ዘንድ ቢመጣ ጸላሪ ወሰደው።»

ሴቱ ደረቱን ይመታል። እናቴ «ልጄን! አደራዬን!» እያለች ፊቷን ነጭታለች። እኔ ከድንኳኑ ካስማ ሥር ተቀምጬ የተቃጠለ ጣቴን እጠባለሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ያረጀ ጋቢ የተከናነበ ባዶ እግሩን የሆነ ሰው ከበሩ ገባ። ለቅሶ ደራሽ እንደሚያደርገው ፊቱን ሸፍኖ፣ ጮክ ብሎ አልቅሶ፣ ከወንዶቹ መጨረሻ ተቀመጠ። ሰውዬው ከልቡ ነበር የሚያለቅሰው፤ ከአጠገቡ ያሉት ጎረቤታችን አያ ኪሮስ ራሳቸው «ይበቃል፣ አይዞህ» አሉት።

ሰውዬው እንባውን እየጠረገ፣ ወደ አያ ኪሮስ ጆሮ ተጠግቶ «ማን ነው የሞተው? እትዬ ዝማም ናቸው ወይስ ልጅቱ?» ሲል ሰማሁት።

«የለም፣ እነሱ ደኅና ናቸው። ተከራያቸው ነው። አስተማሪው።»

ሰውዬው ቀና አለ። በዘንጉ ላይ ያለውን ሱሪ አየ። ቀስ ብሎ ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ።

«ይህ እኮ የእኔ ሱሪ ነው» አለ።

የሆነውን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ድንኳኑ በአንድ ጎን ወደቀ። አባ ወልደ ትንሣኤ መስቀላቸውን በሁለት እጅ ይዘው «በስመ አብ!» እያሉ ወደ ኋላ ሲሄዱ እንስራ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ተዝለፈለፈች። እትዬ ብርነሽ ብቻ ወገቧን ይዛ «ሦስት ቀን ጉሮሮዬን ያደረቅሁት ለዚህ ነው?» ብላ ተቆጣች። እኔ አልጮኽሁም፣ አልሮጥሁም፤ እግሬ ሥር ትኩስ ነገር ሲፈስ ተሰማኝ፣ ሽንቴ አምልጦኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ይኄይስ ርቀት ልለማመድ ብሎ ገደሉ ውስጥ ገባ፤ ግራ ቀኙ ድንጋይ ሆነበትና መውጫ ሲፈልግ በአበርገሌ በኩል ከሩቅ ቆላ መሸበት። ከአንዲት ጎጥ ሲደርስ በዚያች ያልተጀመረች ቁምጣ ብቻ ነው። ሰዎቹ ኽምጠኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ አማርኛ በመጠኑ የሚሰሙ አንድ ሽማግሌ ጠየቁት።

«ከየት መጣህ?»

«ከሰቆጣ።»

«በየት በኩል?»

«በውሃው።»

«በውሃው! ስለ ምን?»

«ለውድድር እየተለማመድሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ሽማግሌው ወደ ሰዎቹ ዞረው አንድ ቃል ተናገሩ። እጁን በለስላሳ ጠፍር አሰሩት፣ ጋቢ አለበሱት፣ ወተት አጠጡት፤ ቅዳሜም እሑድም ጠዋት ጠበል ወሰዱት። እብድ ነው ብለው እንጂ ክፉ አላደረጉበትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰቆጣ የተማረ ዲያቆን መጥቶ አናገረውና ተፈታ።

ይህን ሁሉ ሲተርክ ሰው ሁሉ እንባው ሳይደርቅ ይስቃል። እሱም ይስቅ ነበር። ድንገት አቆመ።

«ለእናቴ የነገራት ሰው አለ?»

ዳይሬክተሩ ወደ መሬት አየ።

በዚያው ሰዓት የአያ ኪሮስን በቅሎ ጭኖ ወጣ። ኮረም ሲደርስ ሰኞ መሽቶ ነበር፤ መልእክቱ ሰኞ ጠዋት አልፏል። በግማሽ ቀን ተቀደመ። «አለሁ፣ አልሞትሁም» ብሎ ሦስት ጊዜ አስተላለፈ። መልስ የለም። ሲመለስ ክብሪቱን፣ በሽታውን፣ ያየሁትን ሁሉ ነገርሁት። ይገርፈኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን «የመጀመሪያው ቢራቢሮ ይባላል፣ ሁለተኛው የጀርባ። ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ የደረቱንና ነጻውን ታዪ ነበር» አለኝ። ራሱን ነቀነቀ። «ማን ያላወቀ ቢያየው ሞት ነው የሚመስለው።»

ወደ ጸላሪ ግን መውረዱን አልተወም። አሁን እኔ ዳሩ ላይ ሰዓቱን ይዤ እቀመጣለሁ። አቆጣጠሩን አላውቅበትም፤ ያስተማረኝ ሲነሣ መጫን፣ ሲደርስ መጫን ብቻ ነው። ደብዳቤዋ ከኪሱ አትለይም።

በኅዳር ማለቂያ አንድ ቀን እናቴ ገበያ ወጥታ ብቻዬን ነበርሁ። በሩ ተመታ። ከፈትሁ። ጥቁር የለበሱ፣ ራሳቸውን የተላጩ፣ ወገባቸውን በገመድ ያሰሩ አንዲት ሴት፣ ከኋላቸው ወንድማቸው። ከጣና ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከኮረም በበቅሎ፤ ፊታቸው በሐዘን ተቧጥጦ ቁስሉ ደርቋል። ክንዳቸው ላይ አዲስ ነጭ አቡጄዲ ታቅፈዋል።

«ልጄ የሞተበት ቤት ይህ ነው?»

«አልሞቱም... ትምህርት ቤት ናቸው» አልሁ በመከራ።

ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ይቺንም ልጅ መክረዋታል። እንደዚያ እንደ ስልኩ። እኔን ለማጽናናት ነው።» ከዚያ ጎንበስ ብለው አገጬን ያዙኝ። «የኔ ልጅ፣ አትዋሺኝ። አጥንቱን ስጡኝ፣ ይዤ ልሂድ። ሌላ አልፈልግም።»

አቡጄዲው ለአጥንቱ ነበር። የተሰፋበት ክር አዲስ ነው፤ የልጃቸውን ቁመት በልባቸው ለክተው ነው የሰፉት።

ጋሼ ይኄይስ በዚህ መሀል ገባ፣ እጁ በጠመኔ ነጭ ሆኖ። እናትየው አልጮኹም። «ቁም!» አሉ። ቆመ። ቀረቡት፤ ግራ እጁን አንሥተው በልጅነቱ እሳት የበላውን ጠባሳ በጣታቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት። ከዚያ ሽመላቸውን አንሥተው ትከሻውን አንድ ጊዜ፣ በሙሉ ኃይላቸው፣ መቱትና እግሩ ሥር ወደቁ።

ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። ሲስሙት ይውላሉ፣ የሚሉት ግን አንድ ነገር ነው። «ሁለተኛ ውሃ ላትገባ ማልልኝ።»

«እማዬ፣ አንድ ቀን ብቻ። አንድ ውድድር ነው። ሕይወቴ ነው።»

«አንዴ ቀብሬሃለሁ» አሉት። «ጸጉሬን ቀብሬያለሁ፣ ፊቴን ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ የምቀብርበት ነገር የለኝም፣ ልጄ።»

በሦስተኛው ቀን ማታ አባ ወልደ ትንሣኤ ተጠሩ። ጋሼ ይኄይስ መስቀሉን ስሞ፣ በእናቱ ጡት፣ ውሃ ውስጥ ላይገባ ማለ። እናትየው እንጀራ ቆርሰው ጎረሱ። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ ክንዴን ነከስሁ። እንደዚያ ቀን ያህል ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም። ትንሽ ብቆይ ኖሮ! ብሎኛል እኮ፣ ትንሽ ብትቆዪ ብሎኛል።

እናቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ገና አለፈ። የሚቀጥለው እሑድ መጣ፤ ጋሼ ይኄይስ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሞ ተመልሶ በሩን ዘግቶ ዋለ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲሆን አግዳሚውን ተሸክሞ ወደ ግቢው መሀል አወጣ። ሰዓቱን በእጄ ሰጠኝ። ቁምጣዋን ለብሷል።

«ስነሣ ተጫኚ» አለኝ። «ስጨርስ ተጫኚ።»

አግዳሚው ላይ በሆዱ ተኛ። ትንፋሹን ስቦ ተነሣ፤ ተጫንሁ። ሁለት እጁን ወረወረ፣ አፉን ከፈተ፣ ወረወረ። ተገለበጠ፣ በጀርባው ሄደ። ደግሞ ተገለበጠ፤ ሁለት እጁን በደረቱ ሥር እየሰበሰበ ከፈለ። ከዚያ ነጻው መጣ። እጁ ከዓይኔ ፈጠነ፣ አግዳሚው ይጮኻል፣ ላቡ ከጀርባው ላይ እንደ ውሃ ይወርዳል። እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ማማሰያ ይዛ ቆመች። ለመጨረሻ ጊዜ እጁን ዘርግቶ የአግዳሚውን ጫፍ ሲነካ ተጫንሁ።

አንገቱን ቀና አደረገ። ፊቱ ቀልቷል፣ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ስንት?»

ሰዓቱን አየሁት። ብዙ ቁጥር፣ አንዲት ቀጭን ዘንግ። ምንም አልገባኝም።

«አንደኛ ወጥተዋል» አልሁት።

ግንባሩን አግዳሚው ላይ ደፋ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ ሰውነቱ በሙሉ። የቀሩት ክብሪቶች በመቀነቴ ጫፍ ነበሩ። አልጫርሁም፣ አልጮኽሁም። እስኪተወው ድረስ ከአጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁት።